እጅሽ ይባረክ፦ አንድ ሮማን በመርፌና በክር

ባለፈው ክረምት የእናቴን ቁም ሣጥን ስናጸዳ፣ ከታችኛው መሳቢያ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ። ስፈታው መሀሉ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ ሮማን አለበት። ፍሬው አልቋል፤ ዘውዱም አልቋል። ከሥሩ ካሉት ሁለት ቅጠሎች አንደኛው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ግን ግማሽ ላይ ቆሟል። በሮማኑ ዙሪያ ደግሞ ቡናማ የዝገት ክብ ታትሟል።

«ይኼ ምንድን ነው እማዬ?» አልኳት።

«እሱማ መርካዝ ክሊታ እያለን የጀመርኩት ነው። ከዚያ የጽዳት ሥራ ገባሁ። ጠዋት ጨለማ ወጥቼ ማታ ጨለማ እገባለሁ፤ እንደተወጠረ ቀረ» አለችኝ።

ጨርቁን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ሞራ ዓይኗን ስለጋረደው ቅጠሉ የቆመበትን ቦታ በዓይኗ አላገኘችውም፤ ጣቷ ግን ወዲያው አገኘው። እኔ የኩፓት ሆሊም ነርስ ነኝ። በየቀኑ መርፌ እይዛለሁ፤ የጥልፍ መርፌ ግን ይዤ አላውቅም ነበር። «አስተምሪኝ» አልኳት። «በዚህ ዓይኔ?» አለች። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልሥራ» አልኳትና በዚያው ሳምንት ጀመርን።

ይህን የምጽፈው በሥራዬ ምክንያት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል የማደርግላቸው ብዙ እናቶች ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸውን እያዩ «ይኼ እጅ ከእንግዲህ ለምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ያ እጅ አገር ቤት ሸክላ የሠራ፣ ሰፌድ የሰፋ፣ ጥጥ የፈተለ ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመግባት በሚጠባበቁበት ጊዜም ጥልፍ ጠልፈው እየሸጡ ልጆቻቸውን ያበሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በሌላ በኩል እንደ እኔ እዚህ ያደግን ልጆች የተቀደደ ቁልፍ መትከል እንኳ የማንችል ሆነናል። ስለዚህ ዛሬ ምንም ለማያውቅ ሰው አንድ ሮማን በእጅ እንዴት እንደሚጠለፍ፣ ምን እንደሚገዛ፣ ዓይንና እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ መሸጥ ለሚፈልግም ምን ማወቅ እንዳለበት በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ለምን ሮማን?

ሮማን አገራችን ከተመሰገነችባቸው ሰባቱ የምድር ፍሬዎች አንዱ ነው፤ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከወይን፣ ከበለስ፣ ከወይራና ከተምር ጋር ይቆጠራል። ለአዲስ ዓመት ማዕድ ይቀርባል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 እንደምናነበው፣ የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያውን በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ሮማኖች ያጌጠ ነበር፤ በሮማኖቹ መካከልም የወርቅ ሻኩራዎች ነበሩ። ስለዚህ ሮማን በክር መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለጀማሪ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለው። ቅርጹ ክብ ነው፤ ክብ ደግሞ መሳል የማይችል ሰው እንኳ በሲኒ ይሥለዋል። ሮማን በተፈጥሮው ትንሽ ጠመም፣ ጎበጥ ያለ ፍሬ ስለሆነ እጃችሁ ቢያዘነብልም አያስታውቅም። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ፍሬ ላይ አራት ዓይነት ጥልፍ ትማራላችሁ፤ ለጠርዙ አንድ፣ ለቆዳው አንድ፣ ለፍሬዎቹ አንድ፣ ለቅጠሉ አንድ። አራቱን የቻለ ሰው የቀሚስ አንገትም ሆነ የትራስ ልብስ ለመጥለፍ አይፈራም።

ምን እንግዛ? ምን አንግዛ?

ወደ ሱቅ ስትሄዱ በዕብራይስጥ የምትጠይቁባቸውን ቃላትም አብሬ እጽፋለሁ።

ጨርቅ፦ ያልሳሳ፣ የማይለጠጥ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ «ባድ ኩትና»። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አዲስ መግዛት የለባችሁም፤ ያላለቀ ንጹሕ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ለመለማመጃ ጥሩ ነው። ከመጥለፋችሁ በፊት እጠቡትና ተኩሱት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከጥልፍ በኋላ ከተሰበሰበ ሮማኑ ይጨማደዳል።

መወጠሪያ፦ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት ክብ፣ «ሂሹክ ሪክማ»። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ብሎኑን አጥብቁና እዩት፤ ክቦቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ አትግዙት። ጨርቁ ሲወጠር እንደ ከበሮ ሲመታ ድምፅ መስጠት አለበት።

መርፌ፦ «ማሃት ሪክማ» ብላችሁ ጠይቁ። ጫፉ ሹል፣ ቀዳዳው ረዘም ያለ ነው። በመርፌ ቁጥር ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ለጀማሪ ቁጥር 5 ወይም 7 ይመቻል።

ክር፦ «ሁቴ ሪክማ»። የጥልፍ ክር ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው፤ አንዱ ጥቅል ብዙ ጊዜ 8 ሜትር ይሆናል። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ መልካም ዜና አለ። በጥቅሉ ወረቀት ላይ የቀለሙ ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩን ካወቃችሁ ሌላ ማንበብ አያስፈልግም። ብዙ ሱቆች የሚይዙት ዲኤምሲ የሚባለው የፈረንሳይ ክር ከሆነ ለሮማናችን እነዚህን አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩ፦ 321 ቀይ፣ 815 ጥቁር ቀይ፣ 725 ቢጫ፣ 3346 አረንጓዴ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥቅል ይበቃል። ሌላ ዓይነት ክር ከገዛችሁ ቁጥሩ አይገጥምም፤ በዓይን ምረጡ።

ከዚህ ሌላ ትንሽ መቀስ፣ እርሳስና ሲኒ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሲኒው ቤታችሁ አለ።

ሁሉንም በአንድ ሣጥን የያዘ የተዘጋጀ ጥቅል፣ «ኤርካ» የሚባለው፣ ለስጦታ ያምራል፤ ነገር ግን ዋጋውን ከእያንዳንዱ ዕቃ ድምር ጋር ሳታወዳድሩ አትግዙ። ስሙ የማይታወቅ በጣም ርካሽ ክር ደግሞ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቃል። ለመፈተን ቁራጭ ክር በውኃ አርሱና በነጭ ጨርቅ መሀል አድርጋችሁ ጨምቁት። ነጩ ከቀላ ያ ክር ለሰንበት ዳቦ መሸፈኛ አይሆንም።

ሥዕሉን ማዘጋጀት

ሲኒውን በአፉ ድፉትና በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ዙሩት። ከክቡ አናት ላይ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሦስት ትንንሽ ሹል ጫፎች ሣሉ፤ ይህ ዘውዱ ነው። ከታች አጭር ግንድና በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቅጠል ሣሉ። በመጨረሻም በክቡ መሀል ከላይ ወደ ታች እንደ ዓይን ቅርጽ ያለ ስንጥቅ ሣሉ። ሮማኑ በስሎ ሲሰነጠቅ ፍሬዎቹ የሚታዩበት ቦታ ያ ነው።

እርሳሱን አትጫኑት። የተጫነ እርሳስ በቀላሉ አይታጠብም፤ ቀላሉ ግን በክሩ ይሸፈናል።

ጨርቁን ወጥሩ። ክሩን ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ ለኩና ቁረጡ፤ ማለትም አንድ ክንድ። እናቴ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችኝ ይህን ነው፤ «ክር ያስረዘመ ሥራ አሳጠርኩ ይላል፤ ሲተበተብበት ግን ሙሉ ቀን ይፈታል» አለች። ከስድስቱ ክሮች ሁለቱን ለዩ። ሁለቱን አንድ ላይ አትሳቡ፤ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ወደ ላይ ምዘዙ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ያኔ አይቋጠርም።

ሲጀመር ቋጠሮ አታድርጉ። ቋጠሮ በጀርባ በኩል ያብጣል፤ ሲተኮስም ወደ ፊት ይታያል። በምትኩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የክር ጭራ በጀርባ ተዉ፤ በኋላ ከስፌቶቹ ሥር አሹልካችሁ ታስገቡታላችሁ።

አንደኛ፦ ጠርዙ

የሮማኑን ዙሪያና የስንጥቁን ጠርዝ በጥቁር ቀዩ ክር፣ በቁጥር 815፣ የኋሊት በሚመለስ ስፌት ሥሩ። መርፌውን ከሥር ወደ ላይ አውጡ። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ወደ ታች አስገቡ። ከዚያ በሥር በኩል፣ መጀመሪያ ከወጣችሁበት 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አልፋችሁ አውጡ። እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱና ያለፈው ስፌት ባለቀበት ቀዳዳ አስገቡ። አንድ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት ማለት ነው። ክቡ በሚታጠፍበት ቦታ ስፌቱን አሳጥሩት፤ ረጅም ስፌት ክቡን ማዕዘን ያስመስለዋል።

ሁለተኛ፦ ቆዳው

ቆዳውን በቀዩ ክር፣ በቁጥር 321፣ በሰንሰለት ጥልፍ እንሞላለን። እዚህ ሦስት ክር መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቶሎ ይሸፍናል። መርፌውን ከሥር አውጡ። እዚያው ከወጣበት ቀዳዳ መልሳችሁ አስገቡት፤ ነገር ግን ክሩን ሙሉ በሙሉ አትሳቡ፤ በላይ በኩል ትንሽ ቀለበት ይቅር። 4 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሄዳችሁ በቀለበቱ ውስጥ መርፌውን አውጡና ክሩን በቀስታ ሳቡ። አንድ የሰንሰለት ዓይን ሆነ። ቀጣዩን ደግሞ በዚያ ዓይን ውስጥ ጀምሩ። ረድፉ ሲያልቅ የመጨረሻውን ቀለበት ከጫፉ በላይ በምትወርድ አንዲት ትንሽ ስፌት እሰሩት፤ ካልታሰረ ሰንሰለቱ በሙሉ ይተረተራል።

ከውጪው ጠርዝ ጀምራችሁ የክቡን ጎን ተከትላችሁ ወደ ስንጥቁ ግቡ። ረድፎቹ ጎን ለጎን ይነካኩ፤ አይደራረቡ። ክሩን አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ጨርቁ ይሸበሸባል። እኔ በመጀመሪያው ምሽት የሠራሁት እንደ ደረቀ ቲማቲም ተጨማዶ ነበር። እናቴ ዳስሳው «ክሩን ለምን ታንቂዋለሽ? ምን አደረገሽ?» አለችኝ። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛ፦ ፍሬዎቹ

ስንጥቁን በትንንሽ ቋጠሮዎች እንሞላለን፤ ክሩ ቁጥር 815 ነው፣ ሁለት ክር። ጀማሪዎች የሚፈሩት ይህን ነው። መርፌውን ከሥር አውጡና ክሩን በግራ እጃችሁ ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። ክሩን በመርፌው ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙት። መርፌውን ከወጣበት ቀዳዳ አጠገብ አስገቡት፤ በዚያው ቀዳዳ ካስገባችሁት ቋጠሮው ሾልኮ ከጨርቁ ጀርባ ይወድቃል። ክሩን በግራ እጅ እንደያዛችሁ መርፌውን ወደ ታች ሳቡ። ላይ አንዲት ጠብታ የመሰለች ፍሬ ትቀራለች። ግራኝ የሆነ ሰው እጆቹን ብቻ ይቀያይር፤ ሥራው ያው ነው።

በልምምድ ጨርቅ ላይ ሃያ ያህል ቋጠሮ ሠርታችሁ ወደ ሮማኑ ግቡ። ስንጥቁን ጥቅጥቅ አድርጎ መሙላት ግዴታ አይደለም፤ በመሀል የሚታየው ነጭ ጨርቅ የሮማኑን ልጣጭ ይመስላል።

አራተኛ፦ ዘውድና ቅጠል

ዘውዱን በቢጫው፣ ቅጠሎቹን በአረንጓዴው እንሞላለን። ስፌቱ ቀጥታ ነው፤ በአንዱ ጠርዝ ወጥቶ በሌላው ጠርዝ ይገባል፤ ቀጣዩ ልክ ከጎኑ ይደረደራል። ለቅጠል ግን በመሀሉ አንድ መስመር ሣሉና ከጠርዙ ወደ መስመሩ ሰያፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ መጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። የቅጠሉ ደም ሥር ያን ጊዜ ራሱ ይወጣል። ግንዱን እንደ ጠርዙ በኋሊት ስፌት ጨርሱ።

ክር ሲያልቅ በጀርባ በኩል ከአራት ወይም ከአምስት ስፌቶች ሥር አሹልካችሁ ቁረጡት። ከቀይ ወደ አረንጓዴ ስትሄዱ ክሩን በጀርባ እየጎተታችሁ አትሻገሩ፤ በነጭ ጨርቅ ውስጥ ጥላው ይታያል።

ሥራውን በምታቋርጡበት ጊዜ ሁሉ ጨርቁን ከመወጠሪያው አውጡት። በእናቴ ጨርቅ ላይ ያለው የዝገት ክብ የመጣው የብረት መወጠሪያ ለብዙ ዓመት ስለቆየበት ነው፤ ብዙ ብሞክርም አልለቀቀም። ሥራው ሲያልቅ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁት። ጥልፉን በፎጣ ላይ ደፍታችሁ በጀርባው ተኩሱ፤ ያን ጊዜ ፍሬዎቹ አይደፈጠጡም።

እንደ ነርስ የምላችሁ

ጥልፍ መድኃኒት ነው አልልም። ክኒኑን አይተካም፤ በእግር መሄድንም አይተካም። ነገር ግን ጣትን፣ ዓይንንና ሐሳብን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ነገር ነው። በማትናስ ወይም በሞአዶን ከሌሎች ጋር ተቀምጣችሁ ብትሠሩት ደግሞ ከብቸኝነት ያወጣል። ጉዳት እንዳያመጣ ግን እነዚህን ጠብቁ።

መብራት፦ ቀኝ እጃችሁ የሚሠራ ከሆነ መብራቱ ከግራ ይምጣ፤ ያለዚያ የእጃችሁ ጥላ ሥራውን ይሸፍነዋል። ጠዋት በመስኮት አጠገብ መሥራት ከሁሉ ይሻላል።

ዓይን፦ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። የቅርብ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሞራም ሊሆን ይችላል። የሞራ ቀዶ ሕክምና በጤና ዋስትናው ውስጥ የተካተተ ነው፤ ሐኪሙ ሲወስን ቶፌስ 17 ከኩፓት ሆሊም ትጠይቃላችሁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ዓይኑ ባያስቸግረውም በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን መረብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጣት፦ የስኳር ሕመምተኛ የጣቱ ጫፍ የደነዘዘ ከሆነ መርፌ ሲወጋው ላያውቀው ይችላል። ሥራውን ስትጨርሱ ጣቶቻችሁን እዩ፤ የተወጋውን በውኃና በሳሙና እጠቡ። ቀይ ሆኖ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ወደ ክሊኒክ ኑ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የተወጋው ቦታ ቆየት ብሎ ይደማል፤ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት።

እጅ፦ በየሃያ ደቂቃው መርፌውን አስቀምጡ፤ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፤ አንገታችሁን ቀና አድርጉ፤ ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሀል ጣት በሌሊት እየደነዘዙ ከቀሰቀሷችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለዓመታት ጽዳት የሠሩ እጆች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አያለሁ። በጊዜ ከታየ መፍትሔ አለው።

ልጆች፦ ከልጅ ልጅ ጋር መሥራት ደስ ይላል፤ ከአማርኛም ሆነ ከዕብራይስጥ በላይ እጅ ለእጅ ያግባባል። ነገር ግን ስትጀምሩ መርፌዎቹን ቁጠሩ፤ ስትጨርሱም ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ ሳይገኝ ማንም ከክፍሉ አይውጣ። መርፌ በአፍ አይያዝም፤ ከንፈር ላይ ያለ መርፌ በአንድ ሳቅ ይዋጣል።

መሸጥ ለምትፈልጉ

«ይኼ ይሸጣል?» ብላ የጠየቀችኝ አንድ እናት አለች። ይሸጣል፤ ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

የመጀመሪያው ሮማኔ 14 ሰዓት ፈጀብኝ። በእስራኤል በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 34.32 ሼቄል ነበር። በዚህ ብናሰላው የጉልበቴ ዋጋ ብቻ 480.48 ሼቄል ነው፤ ጨርቁና ክሩ ሳይቆጠር። ይህን የሚከፍል ገዢ ማግኘት ከባድ ነው። እጇ የለመደ ሴት በ6 ሰዓት ብትጨርሰው 205.92 ሼቄል ይሆናል። አንዲት ትንሽ ሮማን በመጽሐፍ ምልክት ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል ብትሠራ ደግሞ 51.48 ሼቄል ነው። ስለዚህ ለሽያጭ ትንሹን ሥራ፣ ለቤታችሁ ትልቁን ሥሩ። አንድ ሰው መጥቶ ትልቁን ሥራ በ50 ሼቄል ሲጠይቃችሁ፣ የስንት ሰዓት ጉልበታችሁን እንደጠየቃችሁ አሁን ታውቃላችሁ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ «ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ጥልፍ ትሠራላችሁ፤ እኛ እንገዛችኋለን፤ መጀመሪያ ግን ለዕቃው ክፈሉ» የሚል ሰው ቢደውል አትክፈሉ። ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የሚያጎላ መብራት በስልክ ተነግሯችሁ ከገዛችሁና ከተጸጸታችሁ መብት አላችሁ። በሩቅ የተደረገ ግዢ እንደ ደንቡ በ14 ቀን ውስጥ ይሰረዛል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞችና እስከ 5 ዓመት ለሆናቸው አዲስ ገቢዎች ግን፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተገዛ ከሆነ ጊዜው 4 ወር ነው። ዕቃው ጉድለት ባይኖረውም ሻጩ ለመሰረዣ የሚቆርጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ትንሹን። ዕቃውን አትጠቀሙበት፤ ደረሰኙን አትጣሉ፤ የመሰረዣውን መልእክት በጽሑፍ ላኩ።

ሦስተኛ፣ በቋሚነት መሸጥ ከፈለጋችሁ ከመጀመራችሁ በፊት «ኦሴክ ፓቱር» የሚባለውን አነስተኛ የንግድ ፋይል መክፈት፣ በማአም፣ በማስ ሃክናሳና በቢቱአ ሌኡሚ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከጡረታ ጋር የገቢ ማሟያ፣ «ሃሽላማት ሃክናሳ»፣ የምትቀበሉ ከሆነ ከጥልፍ ያገኛችሁትን ገቢ ለቢቱአ ሌኡሚ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሳታሳውቁ ቀርታችሁ በኋላ «መልሱ» የሚል ደብዳቤ ከሚደርሳችሁ፣ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ውሰዱ፤ የተባላችሁትንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የቀረው ቅጠል

እናቴ በጸደይ ወራት የቀኝ ዓይኗን ሞራ ተገፈፈላት። ሐኪሙ የፈቀደላት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ጎንበስ ብላ ምንም እንዳትሠራ ከለከልኳት፤ ነርስ ልጅ መውለድ ይኸው ነው። ጊዜው ሲደርስ የሠራሁትን ሮማን አምጥቼ እጇ ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ ያየችው ቀለሙን ነበር። «ለካ ቀይ ይህን ያህል ቀይ ነው!» አለች። ሞራ ቀለምን ሁሉ እንደሚያደበዝዝ ለታማሚዎቼ ስንቴ ተናግሬያለሁ፤ ከእናቴ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ።

ከዚያ ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ማየት ጀመረች። ዝም ብላ ቆየችና አሮጌውን ጨርቅ አምጪልኝ አለችኝ። መርፌዋን ራሷ ሰካች። ያኔ የጀመረችበት አረንጓዴ ክር ከጊዜ ብዛት ደብዝዟል፤ የእኔ 3346 ደግሞ ገና አዲስ ነው፤ አይመሳሰሉም። «አይገጥምም እኮ እማዬ» አልኳት። «እኔም ያኔ የነበርኩት አይደለሁም፤ ይሁን» ብላ ጠለፈች። አሁን ያ ቅጠል ግማሹ ፈዛዛ፣ ግማሹ ደማቅ አረንጓዴ ነው። የዝገቱም ክብ አለ። አርብ ማታ ዳቦውን የምንሸፍነው በእሱ ነው።

«እጅሽ ይባረክ» አልኳት ስትጨርስ።

«የአንቺም ይባረክ» አለችና የእኔን ሮማን አነሣች። «ግን ይቺን ከዳር ያለችውን ቋጠሮ ፍቺያት። ላልታለች።»